በምሥራቅ ሱዳን ስለሚደረግ የምርጫ ስብሰባ

ገዳሪፍ በምትገኝበት በምሥራቅ ሱዳን የክበብ ስብሰባ ለምርጫ ያለውን ጥቅም ለመረዳት የ1953 (እ.ኤ.አ.) ደንብን መመልከት ይገባል። በዚያን ጊዜ ከ97ቱ የሱዳን ሕዝብ እንደራሴዎች 57ቱ የተመረጡት በተዘዋዋሪ ነበር፤ ይኸውም ባላገሩ አስቀድሞ ወኪሎችን ይሰይማል፣ ወኪሎቹም እንደራሴውን ይመርጣሉ ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ዕጩው ጥቂቶችን ማባበል ይበቃዋል። በቀጥታ በሚመረጥበት ስፍራ ግን በጉባኤ ፊት ቆሞ፣ ስለ ውሃና ስለ ግብር ለሚጠይቀው ሁሉ መልስ መስጠት ይኖርበታል፤ አስቀድሞ የተመረጠውም እንደዚሁ።

በ1958 የቤጃ ኮንግሬስ በፖርት ሱዳን ተቋቋመ። ወዲያው በኅዳር ወር ጄኔራል ኢብራሂም አቡድ ሥልጣን ይዘው የፖለቲካ ማኅበሮችን ሁሉ አገዱ። በጥቅምት 1964 በካርቱም ዩኒቨርሲቲ በተማሪዎች ስብሰባ ላይ ፖሊስ ተኩሶ ሰው በመግደሉ ሕዝቡ ተነሣ፤ አገዛዙም ወደቀ። በ1965 ምርጫ ቤጃዎች በማኅበራቸው ስም እንደራሴዎችን ወደ ካርቱም ላኩ።