የኪኖ ዕንቁ

እህቶቼ፣ የዛሬው ንግግሬ ከአንዲት እህት ጥያቄ የመጣ ነው። ባለፈው ወር ስለ ስስት ስናገር ሁላችሁም ዝም ብላችሁ ሰማችሁኝ። ስንወጣ ግን አንዷ ጫማዋን እያደረገች፣ «እትዬ፣ ለእናቴ ቆርቆሮ ቤት እፈልጋለሁ፤ ለታናሼ የትምህርት ቤት ገንዘብ፤ ለራሴም አገሬ ስገባ የምነግድባት ትንሽ ሱቅ። ይኼ ስስት ከሆነ በግልጽ ንገሪኝ። ካልሆነ ደግሞ ስስት የሚጀምረው የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። ታክሲው እየጠበቃት ስለነበር መልስ ሳልሰጣት ሄደች። እውነቱን ለመናገር፣ ታክሲው ባይኖርም መልስ አልነበረኝም።

በሳምንቱ ድሮ ያነበብኩት አንድ የአሜሪካ ታሪክ ትዝ አለኝ። የጻፈው ጆን ስታይንቤክ ነው፤ በ1962 የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ሰው። ታሪኩ መጀመሪያ በ1945 በአንድ የሴቶች መጽሔት ላይ ወጣ፤ በ1947 «ዕንቁ» በሚል ስም ራሱን ችሎ ታተመ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ቀጭን ነው። ማዳም ከሰዓት በኋላ በምትተኛባት ሰዓት ብታነቡት በሦስት በአራት ቀን ያልቃል።

ኪኖ የሚባል ድሃ ጠላቂ ሜክሲኮ ውስጥ፣ ላ ፓዝ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ጥግ ጎጆ ቀልሶ ይኖራል። ሚስቱ ሁዋና ትባላለች፤ ኮዮቲቶ የሚባል ሕፃን አላቸው። ሀብታቸው ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ የወረደች አንዲት ታንኳ ናት። አንድ ጠዋት ጊንጥ ሕፃኑን ነደፈው። እናቱ መርዙን በአፏ እየመጠጠች ተፋችና ሐኪም ይታይልኝ አለች። ሐኪሙ የሚከፍሉት እንደሌላቸው ሲያይ የለም አስባለና በሩ ተዘጋባቸው። ያኔ ባልና ሚስቱ ወደ ባሕር ወረዱ። ሁዋና ባሕሩ ላይ ሆና ጸለየች፤ የጸለየችው ግን ልጄ ይዳንልኝ ብላ አልነበረም፤ ለሐኪሙ የሚከፈል ዕንቁ ይገኝልኝ ብላ ነው። ይህን ስታነቡ ቶሎ አትለፉት። በገንዘብ ብቻ የሚከፈት በር ሰውን ጸሎቱን እንኳ ያስለውጠዋል።

ኪኖ የባሕር ወፍ እንቁላል የሚያህል ዕንቁ ይዞ ወጣ። ወሬው ከእርሱ ቀድሞ ከተማ ገባ። ያ የለም ያስባለው ሐኪም በእግሩ መጣ፤ መድኃኒት ብሎ የሰጠው ነገር ሕፃኑን አሳመመውና ተመልሶ «አዳንኩት» አለ። የሰፈሩ ቄስም መጡ፤ ቤተ ክርስቲያኑ እድሳት ያስፈልገዋል ብለው ሲያስቡ ነው የመጡት። ሌሊት ደግሞ ሌባ መጣ። በማግስቱ ኪኖ ወደ ዕንቁ ነጋዴዎቹ ሄደ። እያንዳንዱ ለብቻው ቢሮ ከፍቶ ተቀምጧል፤ ነገር ግን ሁሉም የአንድ ጌታ ቅጥረኞች ናቸው። አንዱ ሺህ ፔሶ ብሎ ሲያጣጥልበት፣ ሌላው ጭራሽ አልፈልገውም አለ፤ ሦስተኛው አምስት መቶ አቀረበ። ከአንዱ መክተብ ወደ ሌላው መክተብ ዞራችሁ አንድ ዓይነት መልስ የሰማችሁ ይህን ቢሮ ሳታዩት ታውቁታላችሁ።

እዚህ ላይ እኛን የቤተ ክርስቲያን ሰዎችን የሚነካ ነገር አለ፤ ልዝለለው ብል ደግ አይሆንም። የኪኖ ወንድም እንደሚተርከው፣ ቀድሞ ድሆቹ ዕንቁዎቻቸውን ሰብስበው ዋና ከተማ ወስዶ የሚሸጥላቸው ሰው ላኩ፤ ሰውየው ጠፋ። ሌላ ላኩ፤ እርሱም ጠፋ። ቄሱ ግን ይህ የሆነው ሰው ከተመደበበት ቦታ ለመውጣት በመሞከሩ ነው ብለው በየዓመቱ ይሰብካሉ። ስለ ስስት የሚሰብክ ሰው፣ እኔንም ጨምሮ፣ ይህን ገጽ አንብቦ ቢቆም ይሻለዋል። «አትመኙ» የሚለው ቃል ከማን አፍ፣ ለማን ጥቅም እንደሚወጣ ማየት ያስፈልጋል።

ታዲያ ኪኖ የተመኘው ምን ነበር? ከሁዋና ጋር በቤተ ክርስቲያን መጋባት። አዲስ ልብስ። ጠመንጃ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ እንዲያነብ፤ እርሱ ካነበበ የሚነገረን ነገር እውነት ይሁን ውሸት እናውቃለን ብሎ። ከጠመንጃው በቀር ዝርዝሩ ከጠያቂዋ እህታችን ዝርዝር ብዙም አይርቅም።

ስታይንቤክ ታሪኩን ከራሱ አልፈጠረውም። በ1940 በዚያው ባሕር ላይ በመርከብ ሲጓዝ የሰማው የአገሬው ወሬ ነው። በሰማው ወሬ ዕንቁውን ያገኘው ያላገባ ጎረምሳ ነበር፤ የተመኘውም እንደልቡ መጠጣትና ሴት ነው። ሲያሳድዱትና ሲደበድቡት ዕንቁውን ወርውሮ እየሳቀ ሄደ። ስታይንቤክ ሲጽፈው ጎረምሳውን አውጥቶ ባል፣ ሚስትና ሕፃን አስገባበት። ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም። ስለ ሰካራም ምኞት የነበረውን ወሬ ስለ ወላጅ ፍቅር አደረገው።

በእኛ ቋንቋ ይህን ለማስረዳት ቃሉ ራሱ ይረዳናል። ስግብግብ የሆነን ሰው «ስስታም» እንላለን። እናት ልጇን ከዓይኗ ማራቅ ሲያቅታት ደግሞ «ትሳሳለታለች» እንላለን። ቃሎቹ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። በሁለቱም ውስጥ ያለው «እንዳላጣው» የሚል ፍርሃት ነው። ኪኖ የጀመረው ለልጁ በመሳሳት ነው። ከዚያ ሳያውቀው መሳሳቱ ከልጁ ወደ ዕንቁው ተሻገረ።

መቼ ተሻገረ? እኔ እንደማነበው ሌሊቱን ነው። ሁዋና ቀድማ «ይህ ነገር ክፉ ነው፤ ሳያጠፋን እናጥፋው» ብላው ነበር። እንቢ ሲላት ሌሊት ተነሥታ ዕንቁውን ይዛ ወደ ባሕር ሄደች። ተከትሎ ደረሰባት፤ ፊቷን መታት፤ ወድቃ ሳለች ረገጣት። ያን ጊዜ በእጁ ያለው የልጁ ትምህርት ቤት አይደለም፤ የልጁን እናት መሬት ላይ ጥሏታልና። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ዳገት እንደለቀቀ ድንጋይ ነው። ጨለማ ውስጥ የመጣበትን ሰው ገደለ። የአያቱን ታንኳ ሰዎች ቀደዱበት፤ ጎጆው ተቃጠለ። ወደ ተራራ ሲሸሹ ዱካ ፈላጊዎች ተከተሏቸው። በመጨረሻም ከጠመንጃ የወጣች ጥይት ኮዮቲቶን ገደለችው።

ታሪኩ ብዙ ምሳሌ አለው፤ ሁሉንም አልዘረዝርም። ዕንቁውን ብቻ ልብ በሉ። መጀመሪያ ኪኖ ሲያየው ውስጡ ሠርጉንና የልጁን መጽሐፍ ያያል። በስደቱ መካከል ሲያየው የገደለውን ሰው፣ የተመታችውን ሚስቱን ያያል። ድንጋዩ አልተለወጠም። መስታወት ነው፤ የያዘውን ሰው ያሳያል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ያለው ነጋዴ ያለውን ሁሉ ሽጦ አንዲት ዕንቁ ገዛ፤ እርሷም መንግሥተ ሰማያት ናት። በክብረ ነገሥትም ከአዳም ጀምራ በትውልድ ስትተላለፍ እስከ እመቤታችን የደረሰች ዕንቁ አለች። ስታይንቤክ ይህን ገልብጦታል፤ የእርሱ ሰው ሳይሸጥ ያለውን ሁሉ ያጣል።

ሩቅ አገር ነው እንዳትሉ ወደ ደጃችን ልመልሳችሁ። ሉሉ ገበያ ስትሄዱ ስሙ ዕንቁ ማለት ነው። ከምታሳድጓቸው ልጆች መካከል ሉልዋ ወይም ዳና የሚባሉ ይኖራሉ፤ ሉልዋ ዕንቁ፣ ዳና ደግሞ ትልቋ ዕንቁ ናት። ነዳጅ ቡርጋን ላይ በ1938 ከመገኘቱና በ1946 ወደ ውጭ መላክ ከመጀመሩ በፊት ኩዌት ከባሕር ከሚወጣ ዕንቁ ትኖር ነበር። ወንዶች በበጋ አራት ወር ያህል በጀልባ ይሄዳሉ። ጠላቂው አፍንጫውን በመቆንጠጫ ይዞ፣ እግሩን ድንጋይ ላይ አስሮ ይወርዳል፤ ጓደኛው በገመድ ይጎትተዋል። ከመሄዱ በፊት ቤተሰቡ የሚበላውን ከነኾዳው፣ ማለት ከጀልባው አለቃ፣ ይበደራል። ዓመቱ ካልቀናው ዕዳው ለሚቀጥለው ዓመት ይዞራል፤ ሲሞት ለልጁ ይተርፋል። ያ ሥራ የሞተው የጃፓን እርባታ ዕንቁ ገበያውን ሲሞላውና በ1929 የዓለም ገበያ ሲወድቅ ነው።

በ1972 ኻሊድ አል ሲዲቅ የሚባል ኩዌታዊ «በስ ያ ባሕር» የሚል ፊልም ሠራ፤ «ይብቃህ፣ ባሕር» እንደማለት ነው። የአገሪቱ የመጀመሪያው ረጅም የታሪክ ፊልም ነው፤ ጥቁርና ነጭ። አንድ ድሃ ወጣት የባለጸጋ ልጅ ይወዳል። የሚያገባበትን ገንዘብ ፍለጋ፣ በባሕር ሥራ አካሉ የጎደለው አባቱ እየተቃወመ፣ ወደ ባሕር ይሄዳል። እርሱ እዚያ ሳለ ልጅቷን ለሌላ ይድሯታል። እርሱም እጁን ዛጎል ይዞበት ውኃ ውስጥ ይሞታል። ዕንቁው ለእናቱ ይመጣላታል። እናቱ ወደ ባሕሩ ትወረውረዋለች።

የላ ፓዝ አባትና የኩዌት እናት ከአንድ ባሕር ዳር የቆሙ መሰሉኝ። በፊልሙ ስግብግብ ጠላቂ የለም፤ ወጣቱ ማግባት ብቻ ነው የፈለገው። ዕዳውና ጥሎሹ ግን ባሕር ውስጥ አወረዱት።

እኛም ሳንጠልቅ የተበደርን አለን። ለደላላ በሬ የተሸጠላት፣ መሬት የተያዘላት እህት እዚህ ተቀምጣለች። (በነገራችን ላይ የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 68/2015፣ ቀጣሪው ቢሮ ከሠራተኛዋ ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክላል፤ አሠሪም ያለ ፈቃዷ ፓስፖርቷን እንዳይዝ። ብዙዎቻችሁ ይህን ስላልሰማችሁ ነው የምነግራችሁ።) እኔ በመጣሁበት በመጀመሪያው ዓመት ትኩሳት ይዞኝ ሦስት ቀን ተኝቼ፣ ከቤት የደረሰኝ መልእክት «የዚህ ወር ለምን ዘገየ?» የሚል ነበር። በእነርሱ አልፈርድም። እኔን ሲያዩ ዕንቁውን ያዩ ነበር። የሚያሳዝነው፣ ከዓመት በኋላ እኔም ራሴን እንደዚያው ማየት ጀመርኩ፤ ጥርሴን ሲያመኝ «ይህ ስንት ዲናር ያስከፍላል፣ የቤቱ በርና መስኮትስ?» ብዬ ስምንት ወር ታገሥኩ። ጥርሱ ተነቀለ። ቤቱም በር አለው።

ስለዚህ ለጠየቅሽኝ እህት፤ ቆርቆሮው፣ የታናሽሽ ትምህርት፣ ሱቋ ስስት አይደሉም። ስስት የሚገባው ስለ እነርሱ ብለሽ የምትሳሺለትን ሰው መርገጥ ስትጀምሪ ነው፤ ያ ሰው አንቺ ራስሽም ልትሆኚ ትችያለሽ። ሐኪሙና ነጋዴዎቹ ደግሞ የሚረግጡት ሰው መሆኑ እንኳ አይታያቸውም፤ በታሪኩ ውስጥ ትልቁ ስስት የእነርሱ ነው፤ ግን ታሪኩ ሲያልቅ ምንም አልደረሰባቸውም። ይህ አሁንም ያናድደኛል።

በመጨረሻው ገጽ ኪኖና ሁዋና ወደ ከተማው ሲመለሱ አንዱ ከኋላ አንዱ ከፊት አልነበሩም፤ ጎን ለጎን ይሄዱ ነበር። ባሕሩ ዳር ሲደርሱ ኪኖ ዕንቁውን እንድትጥለው ለሁዋና ዘረጋላት። እርሷ ግን አንተው ጣለው አለችው። ጣለው።

ይህን ባለፈው ዓርብ ለጥቂት እህቶች ሳወራ አንዷ ጣልቃ ገባች። «ሁዋና በዚያ ሌሊት ቀድማው ጥላው ቢሆንስ?»

«ልጁ በሕይወት ይኖር ነበራ» አለች ሌላዋ።

«መጻፍ ሳይማር።»

«በሕይወት!»

«እስከ ሚቀጥለው ጊንጥ ድረስ» አለች የመጀመሪያዋ። አውቶቡሱ ሲመጣ ገና እየተከራከሩ ነበር፤ እየተከራከሩም ተሳፈሩ።