በሳቢያንና ከበላዩ ባለው ደጋ ስለሚሆነው የበጋ ብርድ፣ ነፋስና ውርጭ

ለክቡራን የክልልና የወረዳ ሹማምንት፣ ለእርሻ ባለቤቶችም ሁሉ፤

ከባሕር ማዶ የሚመጡ ጋዜጦች በታኅሣሥና በጥር ስለ በረዶና ስለ ብርቱ ቁር ሲጽፉ ያንን ወራት «ክረምት» እያሉ የሚተረጕሙ ሰዎች አሉ። ይህ አተረጓጐም ለገበሬው ነገሩን ያዛባበታል፤ በእኛ ዘንድ ክረምት የዝናብና የጭቃ ወራት እንጂ የብርድ ወራት አይደለምና። ብርዱ የሚበረታው ዝናቡ ካለፈ፣ ሰማዩም ከጠራ በኋላ ነው። ደግሞ በአገራችን ሁለት አቈጣጠር እንዳለ ማስታወስ ያስፈልጋል። በሊቃውንቱ ቍጥር ክረምት መስከረም 25 ቀን ሲፈጸም መጸው ይገባል፤ በጋም የሚጀምረው ታኅሣሥ 26 ቀን ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ግን ለትንበያው ሥራ ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉትን አራት ወሮች በጋ ይላቸዋል። እንግዲህ አንድ የወረዳ ጸሓፊ «በበጋው መጀመሪያ» ብሎ ቢጽፍ፣ አንዱ አንባቢ ጥቅምትን፣ ሌላው የታኅሣሥን መጨረሻ ሊረዳ ይችላልና የወሩን ስም ለይቶ መጻፍ ይሻላል።

ሳቢያን በድሬዳዋ ከተማ ያለ ሰፈር ሲሆን፣ ከተማይቱም ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር በሚያህል ቆላማ ሜዳ ላይ የምትገኝ ናት። በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ሐዲድ ወደ ሐረር የሚያወጣውን ገደል መውጣት ስለ ከበደው በእግሩ ሥር ባለው ሜዳ ላይ ተቈረቈረች፤ በመጀመሪያም «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። ያ ባቡሩን ያስቀረው ገደል ዛሬም የአየሩን ጠባይ ለሁለት ይከፍለዋል። ከድሬዳዋ ተነሥቶ በደንገጎ በኩል ወደ ሐረማያ የሚወጣ ሰው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ይደርሳል። አየር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 5 ዲግሪ ያህል ይሆናል ማለት ነው። ከዚያም አልፎ ጋራ ሙለታ ከ3,400 ሜትር በላይ ይወጣል። ሳቢያን ላይ ጋቢ የማያስለብስ ሌሊት ከላይ ቡቃያ ሊያቃጥል ይችላል። ከታች ባለ ቢሮ ተቀምጦ የብርዱን ነገር የሚመዝን ሹም ይህን ሊዘነጋ አይገባውም።

ስለ በረዶ አንድ ቃል ልንጨምር ይገባናል። በአገራችን እንደ ጥጥ የሚወርደው በረዶ የሚታየው ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው በራስ ዳሽንና በስሜን ተራሮች ላይ ነው፤ እዚያም ቢሆን ዓመቱን ሙሉ አይቈይም። በሐረርጌ ደጋ በበጋ ማለዳ ሣሩን አንጥቶ የሚገኘው ግን ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ አመዳይ ነው። ከነጐድጓድ ደመና የሚወርደው ጠጣር በረዶ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። ይህን መለየት የቃል ጨዋታ አይምሰላችሁ። ጠጣሩ በረዶ በድንገት መጥቶ ማሳውን ያጠፋል፤ ውርጭ ግን አስቀድሞ ምልክት ይሰጣልና ለሚያስተውል ሰው አንድ ምሽት የመዘጋጃ ጊዜ ይተውለታል።

ምልክቱም እንዲህ ነው። በበጋ ከሰሜንና ከምሥራቅ ወገን፣ ከእስያና ከዐረብ ምድር፣ ደረቅና ቀዝቃዛ አየር ይነፍሳል። ደመና በሌለበት ሌሊት ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቅቃለች፤ ደመና ቢኖር እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ በያዘላት ነበር። በመሬት አጠገብ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ይከብድና እንደ ውሃ ቍልቍል ፈስሶ በሸለቆው ወለል ይተኛል። ስለዚህ ከተዳፋቱ ይልቅ ረባዳው መሬት ቀድሞ ይመታል። ነፋስ ሲኖር የላይኛውን ሞቃት አየር ከታችኛው ስለሚቀላቅል ውርጩን ይከለክላል፤ ሕዝቡ የሚያማርረው የሌሊት ነፋስ በዚህ ረገድ ለማሳው ወዳጅ ነው። ሰማዩ ጠርቶ፣ አየሩ ደርቆ፣ ነፋሱ ወደ ማታ ጸጥ ካለ ግን ያ ሌሊት ያስፈራል።

በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያሳስት ነገር አለ። የአየር ጠባይ ጣቢያ ቴርሞሜትር የሚቀመጠው ከመሬት ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ከፍ ባለ ነጭ ሳጥን ውስጥ ነው። በጸጥተኛ ሌሊት በመሬት ላይ ያለው ቅዝቃዜ በሳጥኑ ውስጥ ካለው በጥቂት ዲግሪ ይብሳልና፣ መለኪያው 3 ወይም 4 ዲግሪ ሲያሳይ ቡቃያው ውርጭ ሊያገኘው ይችላል። «ከዜሮ በታች አልወረደም፤ ስለዚህ ጕዳት የለም» ብሎ የገበሬውን አቤቱታ መመለስ ስሕተት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የማሽላው ነገር ነው። በዚህ አገር ደጋና ወይና ደጋ ረዥም ጊዜ የሚፈጀው ማሽላ በመጋቢትና በሚያዝያ ዝናብ ተዘርቶ በኅዳርና በታኅሣሥ ይሰበሰባል። የበልጉ ዝናብ በጊዜው ከመጣ ፍሬው ውርጩ ሳይደርስ ይጠነክራል። በልጉ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ከዘገየ ግን ዘሩም ይዘገያል፤ ውርጩ ደግሞ ለዘር መዘግየት ብሎ ቀጠሮውን አያራዝምም፤ ፍሬው ገና ወተት ሳለ ያገኘዋል። ስለዚህ የታኅሣሥ ጕዳት በሚያዝያ ይወሰናል ብንል ማጋነን አይሆንም። በልጉ እንደ ዘገየ የታየበት ዓመት፣ ፈጥኖ የሚደርስ ዘር በግንቦት በገበሬው እጅ እንዲገባ ማድረግ በኅዳር ከሚደረገው ምክር ሁሉ ይበልጣል።

ውርጩ ሲቃረብ የሚደረገው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ከምንም ይሻላል። የጠነከረውን እህል ሳይዘገዩ ማጨድ፤ ውሃ ያለው ሰው የድንቹን፣ የቲማቲሙንና የጫቱን ማሳ በዋዜማው ቀን ማጠጣት፤ እርጥብ አፈር ቀን ሙቀት አከማችቶ ሌሊት ቀስ እያለ ይለቅቃልና። የችግኙን መደብ ማታ በጭድ ሸፍኖ ጧት መግለጥም ይጠቅማል። ጭስ ማጨስን ብዙ ሰው ያመሰግነዋል፤ እኛ ግን ብዙ አንተማመንበትም፤ ጭሱ የምድርን ሙቀት እንደ ደመና አይዝምና። ጎመንና ሽንኩርት ብርድን ስለሚችሉ ለረባዳው መሬት እነርሱ ይሻላሉ፤ ድንችና ቲማቲም በተዳፋቱ ይሁኑ።

ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ወሬው በዚያው ቀን ሲደርስ ነው። ድሬዳዋ የራሷ አስተዳደር ያላት ናት፤ ከበላይዋ ያለው ደጋ በአብዛኛው የኦሮሚያ ነው። ትንበያው በአንዱ መሥሪያ ቤት ተመዝግቦ ወደ ሌላው በደብዳቤ እስኪሄድ ድረስ ውርጩ ሥራውን ይፈጽማል። ስለዚህ በወሰኑ ግራና ቀኝ ያሉ ሹማምንት በስልክ ይነጋገሩ፤ ማስታወቂያውም በገበያ ቀን በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ ይነበብ።

በጋ ሁሉ ደረቅ ነው ብሎ መዘናጋትም አይገባም። በ2012 ዓ.ም. የምዕራባዊው የህንድ ውቅያኖስ ወገን ከወትሮው ይልቅ ሞቆ ስለ ነበር በጥቅምትና በኅዳር ያልተጠበቀ ዝናብ በምሥራቁ አገር ዘነበ፤ የበረሃ አንበጣውም በዚያ እርጥበት ተራባ። የታጨደ እህል ባለበት ወራት እንዲህ ያለ ትንበያ ሲመጣ ክምሩን መሸፈን ከሁሉ ይቀድማል።

በሳቢያን ራሱ ውርጭ አያሠጋም። የዚያ ችግር ነፋሱ የሚያስነሣው አቧራና ውሃው ነው። ከተማው ከሚጠጣው ውሃ ብዙው የሚቀዳው ከሳቢያን የጕድጓድ ውሃ ሲሆን፣ ያም ውሃ በደጋው ዘንቦ ወደ ምድር የሰረገው ነው። ደጋውን አራቍቶ ዝናቡ በጎርፍ ሲሄድ ምን እንደሚሆን በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከሁለት መቶ ሰው በላይ በወሰደ ጊዜ ታይቷል። በጕድጓዱ የሚቀረው ውሃም በእርከንና በዛፍ የተያዘው ዝናብ መጠን ነው።

የቀረው የከብቱ ነገር ነው። የሐረርጌ ገበሬ ሰንጋውን የሚያደልበው በማሽላ ቅጠልና አገዳ መሆኑ የታወቀ ነው። ውርጭ የመታው ለጋ ማሽላ፣ ይልቁንም ከውርጩ በኋላ ከሥሩ የሚያቈጠቍጠው፣ ሲያናይድ የተባለውን መርዝ ይዞ ይገኛል። የተራበ በሬ ጠግቦ ከበላው ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ይንገዳገዳል፤ በጥቂት ደቂቃም ሊሞት ይችላል። ማሽላው በውርጭ የጠፋበት ሰው «ለከብቱ እንኳ ይሁን» ብሎ በማግሥቱ ስለሚያበላው ባንድ ጊዜ እህሉንም በሬውንም ያጣል። እንግዲህ በውርጩ ማግሥት ጧት ከብት ወደ ማሳው እንዳይገባ፣ አገዳውም ታጭዶ ሳምንት ያህል በፀሐይ ደህና አድርጎ ከደረቀ በኋላ ብቻ እንዲሰጥ፣ አዲስ ያቈጠቈጠውም ፈጽሞ እንዳይጋጥ፣ የየቀበሌው ሹም በቃል ያስነግር፤ የተጐዳውን ማሳ ስፋትና ቀኑንም በዚያው ቀን ይመዝግብ።