በባዕድ አገር ሆቴል ሲገቡና ሲወጡ የሚነገር ቃል

«ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ በአደባባይ ለሚከራከር ሰው ብቻ የተነገረ አይደለም። ባለቤቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ባዕድ አገር የሚጓዝ ሰው አስቀድሞ የሚፈረድበት ቦታ የሆቴል መግቢያ ነው። በዚያ ማዕረጉን የሚያውቅለት የለም፤ የሚመዘነው ከአንደበቱ በሚወጣው ቃል ነው። ስለዚህ ወደ እስጳንያና ወደ እንግሊዝ አገር ለሚሄዱ ቤተ ሰቦች የሚጠቅመውን ጥቂት ቃል ከነምክንያቱ ጽፈናል።

በእስጳንያ አገር ሰላምታ ሳይሰጡ ጉዳይን መጀመር አይወደድም። ከጧት እስከ ምሳ «ብዌኖስ ዲያስ»፥ ከምሳ በኋላ «ብዌናስ ታርዴስ»፥ ሲመሽ «ብዌናስ ኖቼስ» ይባላል። እስጳንኛ እንደ አማርኛችን የአክብሮት አነጋገር አለው፤ ወዳጅን «ቱ»፥ የሚያከብሩትን ሰው «ኡስቴድ» ይሉታል። ይህ ቃል «ብዌስትራ ሜርሴድ» ከሚለው አጥሮ የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም «ቸርነትዎ» እንደ ማለት ነው። እንግዲህ «ዴሜ ላ ያቤ፥ ፖር ፋቦር» ያለ ሰው «እባክዎ ቁልፉን ይስጡኝ» ማለቱ ነውና አክብሮቱ ከግሡ ውስጥ አለ።

በእንግሊዝኛ ግን «አንተ»ን ከ«እርስዎ» የሚለይ ቃል የለም፤ ሁሉም «ዩ» ነው። ስለዚህ የእኛ ሰው «ይስጡኝ» የሚለውን ቃል በቃል ገልብጦ «ጊቭ ሚ ዘ ኪ» ቢል፥ አክብሮቱ በመንገድ ይቀርና ንግግሩ ትእዛዝ ይሆንበታል። እርሱ በትሕትና እንደ ተናገረ ያስባል፤ ሰሚው ግን እንደ ትዕቢተኛ ይቈጥረዋል። መድኃኒቱ በጥያቄ መልክ «ሜይ አይ ሃቭ ዘ ኪ፥ ፕሊዝ» ማለት ነው።

ክፍል አስቀድሞ ያስያዘ ሰው በእስጳንኛ «ቴንጎ ኡና ሬሴርባ አ ኖምብሬ ዴ»፥ በእንግሊዝኛ «አይ ሃቭ ኤ ሬዘርቬሽን ኢን ዘ ኔም ኦቭ» ብሎ ስሙን ይጨምር፤ የሁሉንም ፓስፖርት በእጁ ያዘጋጅ። የእስጳንያ ሕግ ሆቴሎች የእንግዶችን ስም እንዲመዘግቡ ያዛል። የእኛ አገር ሴት ብታገባም በአባቷ ስም ትጠራለች፤ የእስጳንያም ሴት አግብታ ስሟን አትለውጥምና በዚያ የሚደነቅ የለም። በእንግሊዝ አገር ግን ብዙዎች በባላቸው ስም ስለሚጠሩ፥ የስሙ መለያየት ቢያስጠይቅ «ሺ ኢዝ ማይ ዋይፍ»፥ ባለቤቴ ናት፥ ብሎ በእርጋታ ማስረዳት ይገባል።

ስለ አልጋም ማስተዋል ያሻል። በእንግሊዝኛ «ደብል» የሚባለው ክፍል ለሁለት ሰው የሚሆን አንድ ሰፊ አልጋ ያለው ነው፤ ሁለት አልጋ የሚፈልግ «ትዊን» ይበል። በእስጳንኛ ሰፊው አልጋ «ካማ ዴ ማትሪሞኒዮ»፥ ማለት የጋብቻ አልጋ፥ ይባላል፤ ሁለት አልጋ «ዶስ ካማስ» ነው። ለልጅ አልጋ ለማስጨመር «ኡና ካማ ማስ ፓራ ኤል ኒኞ» ወይም «አን ኤክስትራ ቤድ ፎር ዘ ቻይልድ፥ ፕሊዝ» ይባላል።

ልጆች ያሏቸው ወላጆች ይህን አይርሱ። በእንግሊዝ አገር በውሃ ቧንቧ ላይ «ሲ» የተባለችው ፊደል ከተጻፈች «ኮልድ»፥ ቀዝቃዛ ማለት ነው። በእስጳንያ ያችው ፊደል «ካሊዬንቴ»፥ ሙቅ ማለት ናት፤ ቀዝቃዛው «ፍሪዮ» ነው። ይህን ያልሰማ ልጅ እጁን በፈላ ውሃ ሊያቃጥል ይችላል።

ለመውጣት ሲያስቡ የሚለቀቅበትን ሰዓት በዋዜማው መጠየቅ መልካም ነው፤ «አ ኬ ኦራ አይ ኬ ዴሃር ላ አቢታሲዮን» ወይም «ኋት ታይም ኢዝ ቼክ አውት» ይባላል። መልሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ቢሆን በእኛ አቈጣጠር እኩለ ቀን፥ ስድስት ሰዓት ነው፤ እስኪመሽ የሚጠብቅ ሰው የሌላ ቀን ኪራይ ሊጠየቅ ይችላል። ሒሳብ ለመጠየቅ «ላ ክዌንታ፥ ፖር ፋቦር» ወይም «ሜይ አይ ሃቭ ዘ ቢል፥ ፕሊዝ» ይበሉ። ያልበሉት ምግብ ተጽፎ ቢገኝ ከመቈጣት ይልቅ «ክሬዮ ኬ አይ ኡን ኤሮር»፥ በእንግሊዝኛም «አይ ቲንክ ዜር ኢዝ ኤ ሚስቴክ»፥ ስሕተት ያለ ይመስለኛል፥ ማለት ይበቃል። «ይመስለኛል» የምትለው ቃል ለጸሐፊው ስሕተቱን ያለ ኀፍረት የሚያርምበትን በር ትከፍትለታለች።

እነዚህን ቃላት በትንሽ ወረቀት ጽፎ ከጉዞው በፊት ከቤተ ሰብ ጋር አንዱ እንግዳ፥ አንዱ ተቀባይ እየሆኑ መለማመድ ይጠቅማል። ልጆች ቶሎ ይይዛሉና፥ አባት ቃሉ ቢጠፋበት ከአጠገቡ የሚያስታውሰው አያጣም።