«እኛ» የምትለው ቃል በትዳር ውስጥ

ባልና ሚስት ብዙ ዘመን አብረው በመኖር ከሚያገኙት ሀብት አንዱ የባልንጀራን ልብ ማወቅ ነው። ይህ እውቀት ግን ፍቅር ሲጎድለው ስለት ይሆናል፤ ባዳ የማያየውን ቁስል የትዳር ጓደኛ ያውቀዋልና። አሜሪካዊው ጸሐፊ ኤድዋርድ ኦልቢ (1928–2016) እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ለመድረክ ያበቃው «ቨርጂኒያ ዎልፍን ማን ይፈራል?» የተባለው ቲያትር ይህን በግልጥ ያሳያል። አነጋገሩ ሻካራና ነውር ያለበት ስለ ሆነ ለልጆች የሚሰጥ አይደለም፤ ለባለትዳሮች ያለው ትምህርት ግን እንደሚጠቅም እናምናለን።

ጆርጅ በአንድ ኮሌጅ የታሪክ መምህር ነው፤ ሚስቱ ማርታ የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ልጅ ናት። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከግብዣ ተመልሰው አንድ ወጣት መምህርና ሚስቱን በቤታቸው ይቀበላሉ፤ እስኪነጋም ድረስ በእንግዶቹ ፊት በቃል ሲወጋጉ ያድራሉ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቁጣ እንዲበርድ አዝዟል፤ እነዚህ ግን ቁጣቸውን እንደ ያዙ ነጋባቸው።

ማርታ ባሏን በተራ ስድብ ብቻ አትወጋውም። አባቷን ይተካል ተብሎ ተስፋ የተጣለበት ሰው የታሪክ ክፍሉ ኃላፊ እንኳ ሳይሆን መቅረቱን ለእንግዶቹ ትዘረዝራለች። ጆርጅም በበኩሉ ወጣቱ በምስጢር ያጫወተውን፥ ይኸውም ሚስቱን ያገባት ያረገዘች መስሎ እንደ ነበረ፥ በተረት አስመስሎ በሴቲቱ ፊት ይተርከዋል። እርሷም ምስጢሯን ያወጣው ባሏ መሆኑን ባወቀች ጊዜ ታማ ከክፍሉ ወጣች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይህ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የልጁ ነገር ነው። ጆርጅና ማርታ ልጅ አልወለዱም፤ ነገር ግን በአሳባቸው አንድ ወንድ ልጅ ፈጥረው፥ ለሌላ ሰው እንዳይነገር ተስማምተው፥ ሃያ አንድ ዓመት ሊሞላው እስኪቃረብ ድረስ እንዳለ አድርገው ኖሩ። ማርታ ውሉን አፍርሳ ለእንግዳይቱ ነገረቻት። ጆርጅም ተበቀላት፤ እርሷ ስለ ልጁ አስተዳደግ ስትናገር እርሱ በላቲን የሙታንን ጸሎት ደገመ፥ ልጁም በመኪና አደጋ ሞተ ብሎ አረዳት።

እንግዳው እውነቱ ሲገባው፥ ልጅ ለመውለድ ሳይቻላቸው ቀርቶ እንደ ሆነ ይጠይቃል። የጆርጅ መልስ እጅግ አጭር ነው፤ «እኔ» ወይም «እርሷ» ሳይል በ«እኛ» ይመልሳል። ማርታም ያንኑ ቃል ትደግመዋለች። ሌሊቱን «አንተ ነህ፥ አንቺ ነሽ» ሲባባሉ ያደሩት ሰዎች ኀዘናቸውን በአንድነት ተሸከሙት። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላም የሚለዋወጡት ጥቂትና ለስላሳ ቃል ነው፤ ማርታም መፍራቷን ሳትሸሽግ ትነግረዋለች። በቲያትሩ ሁሉ ከተነገሩት የብልሃት ስድቦች ይልቅ ይህች አጭር ንግግር በልባችን ቀርታለች።

በአገራችንም ልጅ ማጣት ስንቱን ቤት አናግቷል! ብዙ ጊዜ ነቀፋው በሴቲቱ ላይ ብቻ ይወድቃል፤ በዘመድ ጉባኤም መነጋገሪያ ትሆናለች። ቅዱሳን ኢያቄምና ሐና ግን ልጅ በማጣታቸው በተነቀፉ ጊዜ ኀዘናቸውን በጸሎት ወደ እግዚአብሔር አቀረቡ።

ስለዚህ፥ ክርስቲያን ባለትዳሮች ሆይ፥ የቤታችሁ ቁስል ለንስሐ አባት ይነገር፤ ሕክምና ካስፈለገም ሁለታችሁ አብራችሁ ሂዱ፤ በማዕድ ዙሪያ ግን ለእንግዳ መሳቂያ አታድርጉት። ኀዘኑን «የእኛ ነው» ብሎ የሚሸከመውን ቤት ሁሉ አምላከ ኢያቄም ወሐና ይጠብቀው።