የጦርነት ሥር

ልጆች ሆይ፤ እሳት ደረቅ ሣር ባገኘ ጊዜ ሜዳውን ሁሉ እንዴት እንደሚያቃጥል አይታችኋል። ያው እሳት በለመለመ መስክ ላይ ቢወድቅ ግን ጥቂት ጢሶ ይጠፋል። እንግዲህ ሜዳው የተቃጠለው በአንዲት ፍም ብቻ አይደለም፤ ሣሩ አስቀድሞ ደርቆ ስለ ነበረ ነው። የጦርነትም ነገር እንደዚሁ ነው። ጦርነት በተነሣ ጊዜ ሰዎች ፍሟን አይተው መነሻው ይህ ነው ይላሉ። አስተዋይ ሰው ግን ሣሩን ያደረቀው ምን እንደ ሆነ ይጠይቃል።

በ1906 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ1914) ሰኔ 21 ቀን፥ ሳራዬቮ በምትባል ከተማ፥ የአውስትሪያ አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድ ከሚስቱ ጋር በአንድ ወጣት እጅ ተገደለ። ከዚያ በኋላ በወሩ አውስትሪያ በሰርቢያ ላይ ጦርነት ዐወጀች፤ ሌሎቹም መንግሥታት ተከታትለው ገቡበት። ጦርነቱም ከ4 ዓመት በላይ ቈይቶ 9 ሚሊዮን የሚያህሉ ወታደሮች አለቁበት።

የሁለት ሰዎች ሞት ይህን ያህል ደም እንዴት አፈሰሰ? ነገሩ እንዲህ ነው። ታላላቆቹ የአውሮፓ መንግሥታት ብዙ ዘመን እርስ በርሳቸው ሲቀናኑና ሲፈራሩ፥ ጦራቸውንም ሲያበዙ ኖረው ነበር። ፈረንሳይም ጀርመን በ1871 የወሰደችባትን አገር አልረሳችም ነበር። የሳራዬቮው ጥይት ፍሟ ነበረ፤ ሣሩ ግን ቀድሞ ደርቆ ነበር።

ሣሩን የሚያደርቁት ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ዋናዎቹ ግን ሦስት ናቸው። እነርሱም ስስት፥ ፍርሃትና ትዕቢት ናቸው።

ፊተኛው ስስት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1532 ዓመት ፍራንሲስኮ ፒሳሮ የሚባል የእስፓንያ ሰው ከ200 የሚያንሱ ወታደሮች ይዞ፥ ወርቅ ፍለጋ በደቡብ አሜሪካ ወዳለው ወደ ፔሩ አገር ዘለቀ። የዚያንም አገር ንጉሥ አታዋልፓን በተንኰል ያዘው። ንጉሡም ነፍሱን ለማዳን አንድ ክፍል በወርቅ ሊሞላለት ቃል ገባ። ሕዝቡ ከየአገሩ የወርቅ ዕቃ እየተሸከመ አመጣ። ፒሳሮ ወርቁን ተቀበለ፤ ንጉሡን ግን በ1533 አስገደለው። ያ ሁሉ ወርቅ አጠገባቸው ይመስላችኋልን? አላጠገባቸውም። ድል አድራጊዎቹ አገሩን ሲከፋፈሉ እርስ በርሳቸው ተጣሉ። አልማግሮ የሚባለው የፒሳሮ ባልንጀራ በ1538 ተገደለ፤ ፒሳሮም ራሱ በ1541 በአልማግሮ ወገኖች እጅ በገዛ ቤቱ ውስጥ ተገደለ። ስስት በባዕድ ላይ የሳለውን ሰይፍ በኋላ በገዛ ወገኑ ላይ ያዞረዋል።

ሁለተኛው ፍርሃት ነው። ፈሪ ሰው የማይዋጋ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ጦርነት የተነሣው ከፍርሃት ነው። በጥንት ዘመን በግሪክ አገር አቴናና እስፓርታ የሚባሉ ሁለት ከተሞች ነበሩ። አስቀድሞ የፋርስን ጦር አብረው የመለሱ ባልንጀሮች ነበሩ። በኋላ ግን የአቴና መርከብና ሀብት እየበዛ ስለ ሄደ እስፓርታ ፈራች። አቴናም ብትለሳለስ የምትጠቃ እየመሰላት ከነገርዋ አልመለስም አለች። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 ዓመት ጦርነት ጀምረው እስከ 404 ዓመት ድረስ ተዋጉ፤ ይህም 27 ዓመት ነው። ጦርነቱ በተጀመረ በሁለተኛው ዓመት፥ ከገጠር ሸሽቶ በአቴና ቅጥር ውስጥ በተጨናነቀው ሕዝብ መካከል ቸነፈር ገብቶ ብዙ ሰው ፈጀ። በመጨረሻም አቴና ተሸነፈች፤ ቅጥርዋም ፈረሰ። ድል ያደረገችው እስፓርታ ደግሞ በ371 ዓመት በቴብስ ሰዎች ተሸነፈች። የዚህን ጦርነት ታሪክ የጻፈው ቱኪዲድስ የሚባል የአቴና የጦር አለቃ ነው። እርሱም ብዙ ሰበቦችን ከቈጠረ በኋላ፥ እውነተኛው ምክንያት የአቴና ማደግና በእስፓርታ ያደረባት ፍርሃት እንደ ሆነ አስረዳ።

ሦስተኛው ትዕቢት ነው፤ ትዕቢትም ሐሰትንና በቀልን ይወልዳል። ይህን በገዛ አገራችን ታሪክ እናየዋለን። በ1881 ዓ.ም. ሚያዝያ 25 ቀን ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣልያ መንግሥት በውጫሌ ውል ተዋዋሉ። ውሉ በሁለት ቋንቋ ተጻፈ። በ17ኛው አንቀጽ፥ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስትነጋገር በኢጣልያ በኩል ለማድረግ እንደሚቻላት በአማርኛው ተጽፎ ነበር፤ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ እንዲሆንባት ተጽፎ ተገኘ። በዚህ ነገር ኢጣልያ ነጻይቱን አገር ከእጅዋ በታች ልታደርጋት ፈለገች። ስሕተቱን እንድታርም በተጠየቀች ጊዜም እንቢ አለች። ከዚህ የተነሣ ጦርነት ሆነ፤ በ1888 ዓ.ም. የካቲት 23 ቀን የኢጣልያ ጦር በዓድዋ ተሸነፈ። አገሩን ሊወስዱ የመጡትን የሚከላከል ሰው ሣሩን ያደረቀ አይደለም፤ ጥፋቱ በመጣው ላይ ነው።

ትዕቢተኛ በተሸነፈ ጊዜ ጥፋቱን ከማየት ይልቅ ውርደቱን ይቈጥራል። በኢጣልያም የዓድዋን ቂም ለልጆቻቸው ያወረሱ ብዙዎች ነበሩ። 40 ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፥ በመስከረም 1928 ዓ.ም.፥ ሙሶሊኒ ጦሩን ወደ ኢትዮጵያ አዘመተ፤ በአውሮፕላንም መርዝ አዘነበ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በተጀመረው ጭፍጨፋ በአዲስ አበባ ሺህ በሺህ የሚሆን ንጹሕ ሰው አለቀ።

አሁን ልብ በሉ። በ1933 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ አዲስ አበባ በተመለሱ ጊዜ፥ ብዙ የኢጣልያ ሰዎች ከሴቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር በከተማው ውስጥ ነበሩ። ከሕዝቡም አባቱን ወይም ወንድሙን ያጣው ሰው ብዙ ነበረ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ክፋትን በክፋት እንዳይመልስ ሕዝቡን አዘዙ። እያንዳንዱ ሰው ደሙን ልመልስ ብሎ ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ፥ ለሚመጣው ትውልድ ሌላ ደረቅ ሣር በተከመረ ነበር።

ልጆች ሆይ፤ ይህ ሁሉ የነገሥታትና የሠራዊት ነገር ነው፥ እኛን አይነካንም አትበሉ። ቃየል በአቤል ላይ በተነሣ ጊዜ በዓለም ላይ ጦር ሠራዊት አልነበረም፤ የእርሻ መሬትም አልጠበባቸውም ነበር። ክፉው ነገር የተጀመረው በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ነው። መንግሥትን የሚገዙ፥ ጦርንም የሚያዘምቱ ሰዎች ሁሉ አንድ ቀን እንደ እናንተ ልጆች ነበሩ።

ስለዚህ ከባልንጀራችሁ ጋር በተጣላችሁ ጊዜ፥ ማን ፊት መታ ብላችሁ ብቻ አትከራከሩ። ይህን ነገር ያመጣብኝ የእርሱን ዕቃ መመኘቴ ነውን? ይበልጠኛል ብዬ መፍራቴ ነውን? ወይስ ስሕተቴን ማመን አሳፍሮኝ ነውን? ብላችሁ ልባችሁን መርምሩ። የወሰዳችሁትን መልሱ፤ የበደላችሁትን ይቅርታ ለምኑ፤ የበደላችሁንም ይቅር በሉ። አባቶቻችን «ቂም ይዞ ጸሎት፥ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላሉ፤ ቂም የያዘ ሰው ጸሎቱ አይሰምርለትምና።

በዓለም ላይ ፍም መውደቁ አይቀርም። ነገር ግን በለመለመ መስክ ላይ የወደቀ ፍም ጥቂት ጢሶ ይጠፋል።