ከመርካቶ የተነሳ ድምፅ ገጠር እንዴት ይደርሳል?

የዛሬውን ጉዟችንን ከመርካቶ እንጀምር። አንድ የበርበሬ ነጋዴ ጠዋት መደብራቸውን ከፍተው፣ ከኪሳቸው ሞባይል አውጥተው፣ በምዕራብ ጎጃም ቡሬ አቅራቢያ በአንድ የገጠር ቀበሌ ለሚኖሩ ደንበኛቸው ደወሉ እንበል። ሊነጋገሩ የፈለጉት አጭር ነገር ነው፤ በርበሬው ስንት ኩንታል ደረሰ? በስንትስ ይሸጣል? ስልኩ ጠራ፤ ተነሳም፤ ድምፁ ግን ተቆራረጠ። «አይሰማም ጋሼ፣ ጉብታው ላይ ወጥቼ ልደውል» የሚል ቃል ከተሰማ በኋላ ጥሪው ጠፋ።

በነጋዴው ስልክ ላይ የሚታየው የኔትወርክ ምልክት ሙሉ ነበር። ታዲያ ጥሪው ለምን ተቋረጠ? ጥያቄው ተራ ቢመስልም መልሱ ስለ ሞገድ ባሕርይ፣ ስለ ተራሮቻችን አቀማመጥና ስለ ቴሌኮም ድርጅቶች ትብብር ብዙ ያስተምረናል። ነገሩ የምቾት ጉዳይ ብቻም አይደለም። የመርካቶን ዋጋ በስልክ ያልሰማ ገበሬ፣ ደጃፉ ድረስ የመጣው ገዢ የነገረውን ዋጋ አምኖ ከመሸጥ ሌላ ምርጫ አይኖረውም።

«ሽቦ አልባው» ጥሪ ስንት ሽቦ አለው?

ብዙዎቻችን ሞባይል ከሞባይል ጋር በአየር ላይ በቀጥታ የሚገናኝ ይመስለናል። እውነታው ግን የተለየ ነው። የነጋዴው ስልክ የሚገናኘው በጥቂት መቶ ሜትሮች ርቀት ላይ፣ ምናልባትም በአንድ ፎቅ ጣሪያ ላይ ከተተከለ አንቴና ጋር ብቻ ነው። ድምፁ ወደ አኀዝ ተለውጦ ከአንቴናው ወደ ማዞሪያ ማዕከል ይሄዳል፤ ከዚያም በፋይበር፣ ማለትም እንደ ፀጉር በቀጠነ የመስታወት ክር ውስጥ፣ በብርሃን መልክ ወደ ክልል ይጓዛል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከአዲስ አበባ ቡሬ ያለውን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ለመጨረስ ከ2 ሚሊሰከንድ ብዙም አይፈጅበትም።

ከዋናው መስመር ወደ ገጠሩ ማማ ግን ፋይበሩ ብዙ ጊዜ አይዘልቅም። በፋይበሩ ፈንታ የማይክሮዌቭ ሳህኖች ፊት ለፊት እየተያዩ ድምፁን ከኮረብታ ወደ ኮረብታ ይቀባበሉታል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አንዱ ማማ ኃይል ቢያጣ፣ ከእርሱ ወዲያ ያሉት ማማዎች ሁሉ ዝም ይላሉ። በመጨረሻ ድምፁ ከመጨረሻው ማማ ተነስቶ ጥቂት ኪሎ ሜትሮችን በአየር አቋርጦ ወደ ገበሬው ስልክ ይደርሳል። እንግዲህ የአንድ ጥሪ ጥራት የሚወሰነው ከመንገዱ ክፍሎች ሁሉ ደካማ በሆነው ነው። የመርካቶው ምልክት ሙሉ መሆኑ ስለ መጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች እንጂ ስለ ቀሪው መንገድ የሚናገረው ነገር የለም።

የመርካቶ ችግር፦ መጨናነቅ

የሞባይል ኔትወርክ አንድን አካባቢ «ሕዋስ» በሚባሉ ትናንሽ ክልሎች ይከፋፍላል። እያንዳንዱ ሕዋስ የራሱ አንቴና አለው። የሚሠራባቸው ድግግሞሾች ውሱን በመሆናቸው፣ በአንዱ ሕዋስ ውስጥ ያገለገለ ድግግሞሽ እንዳይደበላለቅ በቂ ርቀት ባለው ሌላ ሕዋስ ውስጥ እንደገና ሥራ ላይ ይውላል።

ለምሳሌ ያህል ሁለተኛውን የሞባይል ትውልድ፣ 2ጂን እንውሰድ። በዚህ ሥርዓት አንድ የድግግሞሽ መስመር 200 ኪሎኸርዝ ስፋት ሲኖረው፣ ስምንት ተናጋሪዎች በየተራ እንዲጠቀሙበት በጊዜ ይከፋፈላል። ተራው እጅግ ፈጣን ስለሆነ ማናቸውም ሌላውን ሲጠብቁ አይታወቃቸውም። አንድ ሕዋስ አራት መስመሮች ቢኖሩት 32 ተራዎች ይገኛሉ፤ ከእነዚህ ሁለቱ ለመቆጣጠሪያ ቢያዙ በአንድ ጊዜ መነጋገር የሚችሉት 30 ሰዎች ናቸው። 31ኛው ሰው ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ጥሪው አይወጣለትም።

በምናለሽ ተራ፣ በዱባይ ተራ ወይም በአውቶቡስ ተራ በአንድ የገበያ ጠዋት ስንት ሰው ስልክ እንደሚይዝ ላሰበ፣ 30 ተራ ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ ግልጽ ነው። መፍትሔው ሕዋሱን ማሳነስ፣ አንቴናዎችን ማብዛትና ሰፋ ያለ የድግግሞሽ ቦታ ያላቸውን 3ጂን፣ 4ጂንና 5ጂን መደረብ ነው። በዚህ ላይ የቆርቆሮ ጣሪያና ግድግዳ ሞገድን ስለሚያንፀባርቅ፣ የኮንክሪት ምድር ቤትም ስለሚውጠው፣ ከውጭ የጠነከረው ምልክት በሱቁ ውስጥ ሊደክም ይችላል። ያም ሆኖ በመርካቶ አንድ አንቴና በሚሸፍናት ጠባብ ቦታ ውስጥ ከፋይ ደንበኛ ሞልቷል።

የገጠሩ ችግር፦ ርቀትና ተራራ

ወደ ገጠር ስንወጣ ችግሩ ይገለበጣል። እዚህ የጎደለው ተራ ሳይሆን ምልክቱ ራሱ ነው። በመርካቶ 300 ሜትር ሬዲየስ ያለው ሕዋስና በገጠር 15 ኪሎ ሜትር ሬዲየስ ያለው ሕዋስ ቢነጻጸሩ፣ የገጠሩ የቆዳ ስፋት በ2,500 እጥፍ ይበልጣል። ይሁን እንጂ ለማማው፣ ለአንቴናውና ለባትሪው የሚወጣው ወጪ በ2,500 እጥፍ የሚሰበሰብ ገቢ አያገኝም። እንዲያውም የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ቦታ ጄነሬተርና ነዳጅ ወይም የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ስለሚያስፈልግ ወጪው ይጨምራል።

የተፈጥሮ ሕግም የራሱን ወሰን ያበጃል። መሬት ክብ በመሆኗ፣ በሜዳ ላይ የቆመ የ40 ሜትር ማማ ሞገድ የሚያየው አድማስ ከ26 ኪሎ ሜትር ገደማ አያልፍም። በ2ጂ ደግሞ ሌላ ወሰን አለ። ሩቅ ያለ ስልክ ድምፁ ዘግይቶ የሌላውን ተራ እንዳይነካ፣ ቀድሞ መላክ እንዲጀምር ይታዘዛል። ይህ ትእዛዝ የሚሰጠው እያንዳንዱ 550 ሜትር ያህል በሆነ እስከ 63 በሚደርስ እርከን ስለሆነ፣ በመደበኛው አሠራር የሕዋሱ ጥግ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እነዚህ ቁጥሮች ለሜዳ ናቸው። በአባይ ሸለቆና በጎጃም ደጋዎች ግን ከተራራ ጀርባ ያለ መንደር ማማው በ5 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ እያለ በጥላ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ደንበኛችን «ጉብታው ላይ ልውጣ» ያሉት ከዚህ ጥላ ለመውጣት ነው።

የድግግሞሽ ምርጫም ወሳኝ ነው። የ900 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 33 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ የ2,600 ሜጋኸርዝ ሞገድ ግን 11.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። አንቴናዎቹ አንድ ዓይነት ከሆኑ፣ ድግግሞሹ እጥፍ በሆነ ቁጥር በተመሳሳይ ርቀት የሚደርሰው ኃይል ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ረጅሙ ሞገድ በኮረብታ ጫፍ ላይም በተሻለ ሁኔታ ይጎብጣል። ስለዚህ ዝቅተኛው ድግግሞሽ ለገጠር፣ ሰፊ ቦታ ያለው ከፍተኛው ድግግሞሽ ደግሞ ለመርካቶ ይስማማሉ።

ከመጀመሪያው ሽቦ እስከ ሁለተኛው ድርጅት

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ሲሆን፣ ሐረርንና አዲስ አበባን ያገናኘው የ477 ኪሎ ሜትር ሽቦ የዚያ ዘመን ታላቅ ሥራ ነበር። የሞባይል አገልግሎት የተጀመረው ደግሞ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በአዲስ አበባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ከቻይናው ዜድቲኢ ጋር የተደረገው የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ኔትወርኩን በአገሪቱ አስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ2010 ኢትዮ ቴሌኮም ተቋቋመ፤ በ2013 ለሁዋዌና ለዜድቲኢ የተሰጠው የ1.6 ቢሊዮን ዶላር የማስፋፊያ ሥራ ተከተለ፤ ቆየት ብሎም ኤሪክሰን የሥራው ተካፋይ ሆነ። 4ጂ እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባ ሥራ ጀምሮ፣ በኋላ ወደ ክልል ከተሞች ተስፋፋ።

እ.ኤ.አ. በ2021 ሳፋሪኮም፣ ቮዳኮም፣ ቮዳፎን፣ የጃፓኑ ሱሚቶሞና የእንግሊዙ ሲዲሲ የተጣመሩበት ማኅበር በ850 ሚሊዮን ዶላር ሁለተኛውን ፈቃድ አገኘ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በሚቀጥለው ዓመት በነሐሴ ወር በድሬዳዋ፣ በመስከረም ማብቂያ ደግሞ በአዲስ አበባ አገልግሎት ጀመረ። ከዚያን ጊዜ አንሥቶ በ09 የሚጀምረው ቁጥር በ07 ከሚጀምረው ጋር የሚነጋገረው፣ ሁለቱ ድርጅቶች ማዞሪያዎቻቸውን ስላገናኙ ነው።

አንድ ማማ ለሁለት

ውድድር ለመርካቶ ጠቃሚ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ሁለት ድርጅቶች ሁለት ማማ ቢተክሉም ሁለቱም ደንበኛ ያገኛሉ። በገጠር ግን አንዱን ማማ ለማቆም የሚያቅተው አካባቢ ሁለተኛውን ሊሸከም አይችልም። እዚህ ላይ ተወዳዳሪዎች የግድ ተባባሪዎች መሆን ይኖርባቸዋል። አዲሱ ድርጅት የራሱን ማማዎች ከመትከሉ በተጨማሪ ከኢትዮ ቴሌኮም ማማ በመከራየት ሥራውን የጀመረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ማማው፣ አጥሩና የኃይል ምንጩ የጋራ ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ ድርጅት የራሱን አንቴና ይሰቅላል።

ከዚህ የጠለቀ ትብብርም አለ። በተራራማዋ ፔሩ እ.ኤ.አ. በ2019 ቴሌፎኒካ፣ ፌስቡክና ሁለት የልማት ባንኮች በጋራ ያቋቋሙት ድርጅት፣ በገጠር 4ጂ ዘርግቶ ለልዩ ልዩ የሞባይል ድርጅቶች ያከራያል። በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2020 አራት ተወዳዳሪ ድርጅቶች ከመንግሥት ጋር ሆነው የ1 ቢሊዮን ፓውንድ የጋራ የገጠር ኔትወርክ ለመገንባት ተስማምተዋል። አገሩ ሀብታምም ሆነ ድሃ፣ ሰው በሳሳበት ሥፍራ ሒሳቡ ተመሳሳይ ነው።

ማማው ተሻሻለ፤ ስልኩስ?

አሁን ወደ መርካቶ እንመለስ። ወደ ገጠር ከሚሄዱት ስልኮች ብዙዎቹ መነሻቸው የመርካቶ ሱቆች ናቸው። በገጠር ማማ ላይ 4ጂ ቢሰቀል፣ ገበሬው የገዛው ባለ ቁልፍ ስልክ 2ጂ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ማሻሻያው ለእርሱ እንዳልተደረገ ይቆጠራል። «4ጂ ነው» ተብሎ የተሸጠ ስልክም ቢሆን ማማው የሚሠራበትን ድግግሞሽ የማያውቅ ከሆነ 4ጂውን አያገኘውም። በሌላ በኩል፣ ብዙ ሰው አሮጌውን ስልክ ይዞ እስካለ ድረስ ድርጅቶቹ 2ጂን መዝጋት አይችሉም፤ ለገጠር የሚስማማው ዝቅተኛ ድግግሞሽም በከፊል ለእርሱ ተይዞ ይቆያል። እንግዲህ የገጠሩ ማሻሻያ ፍጻሜ የሚያገኘው በማማው አናት ላይ ብቻ ሳይሆን በመርካቶ ሱቅ መደርደሪያም ላይ ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ይህን በገዛ ዓይናችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። በብዙ ዘመናዊ ስልኮች ቅንብር ውስጥ የምልክቱ ጥንካሬ በዲቢኤም ተጽፎ ይገኛል። ከአደባባይ ወደ አንድ ምድር ቤት ስትወርዱ ቁጥሩ ከ-70 ወደ -100 ቢወርድ፣ በየ10ሩ ኃይሉ ወደ አንድ አሥረኛ ስለሚቀንስ የቀረው አንድ ሺኛ ብቻ ነው። ክረምት ወይም በዓል ሲሆን ወደ ቤተሰብ ስትሄዱ ይህንኑ በሸለቆና በጉብታ ላይ ለክታችሁ ብታነጻጽሩ፣ ደንበኛችን ለምን ጉብታ እንደወጡ ቁጥሩ ይነግራችኋል።

ደንበኛው ጉብታው ላይ ደርሰው ሲደውሉ፣ ነጋዴው ስልኩን ያነሱ ይሆናል፤ ወይም ከሌላ አቅራቢ ጋር ተስማምተው ይሆናል። በዚያች አቀበት የሚጠፋው ጊዜ ለገበሬው የገንዘብ ዋጋ አለው። አቀበቱን ከገበሬው እግር ላይ ማንሳት የነገዎቹ መሐንዲሶች ሥራ ነው።