ያውቁ ኖሯል? የ«ሾገን» ጃፓንኛ
በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው «ሾገን» የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ቢሆንም፣ ንግግሩ በአብዛኛው ጃፓንኛ ነው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ተረቅቆ ወደ ጃፓንኛ ተተረጎመ፤ ቀጥሎ አንዲት ጃፓናዊት ተውኔት ጸሐፊ ለዘመኑ መሳፍንት አነጋገር እንዲስማማ አድርጋ አቃናችው፤ በመጨረሻም ከስክሪኑ ግርጌ እንዲነበብ ተመልሶ እንግሊዝኛ ሆነ። ቀደም ሲል በ1980 በተሠራው የዚሁ ታሪክ ቅጂ ጃፓንኛው በአብዛኛው ያለ ትርጉም ይታለፍ ነበር። የአዲሱ የመጀመሪያ ምዕራፍ 18 የኤሚ ሽልማቶችን ወስዷል፤ ከእንግሊዝኛ ውጭ በሆነ ቋንቋ ተሠርቶ በምርጥ ድራማነት ያሸነፈም እሱ የመጀመሪያው ነው።

የድራማው ታሪክ እውነተኛ መሠረት አለው። የድራማው መርከበኛ የተቀዳበት እንግሊዛዊው ዊልያም አዳምስ በ1600 ጃፓን ደርሷል፤ በድራማው «ቶራናጋ» የተባለው መስፍንም የተቀዳው ከቶኩጋዋ ኢየያሱ ነው።

ለእኛ ሰው ደግሞ ሌላ የሚስብ ነገር አለው። በድራማው ከመሳፍንቱ ጋር ሲደራደሩ የምናያቸው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት በዚያው ዘመን እኛም አገር ነበሩ። ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ኢትዮጵያ ገባ፤ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀበሉ፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲል ግን ካህናቱን አስወጡ። ጃፓንም ካህናቱን ያመጡትን ፖርቱጋሎች በ1639 አባረረች።

የተደረበውን የእንግሊዝኛ ድምፅ ትተው ድራማውን በጃፓንኛው ይመልከቱት። አስተርጓሚዋ ማሪኮ የመርከበኛውን ሸካራ ቃል እያለሰለሰች ለጌታዋ ስታደርስ የሚገባዎት ያኔ ነው። ደምና ግድያ ስለሚበዛበት ግን ልጆች ከተኙ በኋላ ይሁን።